ቦሎ

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ሲደርስላት፣
የገመቹ አይሱዙ ወረፋ አላት።
ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ግሪስ ተቀብታ፣
ከፍራንኮ በታች ትቆማለች በተርታ።
ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ ባትሪውን አብርቶ፣
ሆዷን ያይላታል ከሥሯ ገብቶ።
ፍሬኗ ይሞከራል፣ ጭሷ ይለካል፣
ማርሹ፣ ኩሽኔታው፣ ሁሉም ይነካል።
ማንም አልተሳቀቀ፣ ነውር ነው አላለ፤
ቦሎው ተለጠፈ፣ ዓመቷ ቀጠለ።

እኔስ?
አራት ልጅ ተጭኜ፣ አራት ያራገፍሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሳልፈተሽ ያለፍሁ፣
ማን ጎንበስ ብሎ አየኝ? ማን ባትሪ አበራ?
እኔም አልጠየቅሁ፣ ስፈራ ስፈራ።

እታለማሁ እህቴ፣ የእናቴ በኩር፣
ወንጂ ነበር ቤቷ፣ ከሸንኮራው ዳር።
"ትንሽ ደም አየሁ" አለችኝ አንድ ማታ፣
ልጆች የተኙበትን ክፍል ዘግታ።
"ዕድሜ ነው" አልኋት። እኔ ነኝ ያልኋት።
ጎረቤትም መጥታ "ብርድ ነው" አለቻት።
ዝንጅብል አፈላን። ወገቧን አሸን።
ክረምቱ ወጣና በጋውን አመሸን።
ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ዝም አለ፤
ወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ ነገር ሳለ።
"የማህፀን በር" ሲሉ ያኔ ነው የሰማሁ፤
በር እንዳለኝ ሳላውቅ አራት ልጅ አስወጣሁ።
"አምስት ዓመት ቀድማ..." ብሎ ጀመረና
አልጨረሰውም፤ መስኮቱን አየና።
ቀሪውን ያወራው የአዳማ ነፋስ ነው፣
አቧራውን ይዞ በር የሚደበድበው።

ለቅሶው አይደለም ግን እኔን ያስነሳኝ፤
ብታምኑም ባታምኑም፣ ቦሎ ነው ያስቆጣኝ።
ገመቹ መስታወቱን በክርኑ ሲወለውል፣
"ይኸው፣ እስከ ከርሞ ሰላም ናት!" ሲል፣
"እኔስ?" አልሁት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
እራቱን አቀረብሁ፤ ቃል አልጨመርሁም።

ማክሰኞ በጠዋት ባጃጅ ተሳፈርሁ፤
"ጤና ጣቢያ" ስለው ድምፄን ቀነስሁ፤
ልጁ ልጄን ያክላል። አፈርሁ።

አግዳሚው ሞልቷል። የቲማቲም ነጋዴ
ስልክ ላይ ትጮኻለች፣ "ሳጥኑ ስንት ነው እንዴ?"
አንዲት ባለ ሂጃብ፣ ሙሽራ ትመስላለች፣
ጣቶቿን አንድ በአንድ ደጋግማ ትቆጥራለች።
ዓይናችን በሩ ላይ። ያ በር የክፍሉ ነው፤
የመጣንበትን በር ማን በስሙ ይጥራው?

"ዘነበች ቱፋ!" ሲስተር ቦንቱ ናት፣
ፊቷ የልጅ ፊት፣ እጇ ግን የእናት።
"እማዬ፣ ዘና በይ" ትለኛለች። ዘና!
የጣራውን ስንጥቅ ልቆጥር ስልና
ብረቱ ቀዘቀዘኝ። ትንሽ ጨነቀኝ።
ከዚያ አንድ ሽታ መጣ፣ ድንገት ያሳቀኝ፤
አቼቶ! የሰላጣ፣ የጾም ቀን ሽታ!
"በዚህ ነው የምታዩት?" "በዚህ ነው፣ አንድ አፍታ።
ጤነኛው እንዳለ፣ ቀላ ብሎ ይቀራል፤
ያልሆነው ሥፍራ ግን ነጭ ሆኖ ይበራል።"

አንዲት ደቂቃ ናት። ሰዓቱ ሲራመድ።
ይህቺን ነበር ያጣን፣ እታለማሁ ስትሄድ።

"ትንሽ ነጭ አለ" አለች። ልቤ ወረደ።
"አይዞሽ፣ ካንሰር አልሆነም፤ ወደዚያ አልሄደ።
ዛሬውኑ በሙቀት እናክመዋለን፤
በዓመቱ ነይና እንደገና እናያለን።"

በዓመቱ! እንደ አይሱዙዋ፣ ቀን ተቆረጠልኝ።
ካርዱን ጡቴ ሥር ይዤ ስወጣ፣ ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ፤
ማንም አላየኝም። ጋሪው ያልፋል፣ ፀሐዩ ይፋጃል፤
ኮረብታው ላይ ያ ነጭ ክንፍ ይሽከረከራል።

ገመቹ ማታ ላይ "የት ዋልሽ?" ሲል ነገርሁት፣
ከአቼቶው ጀምሬ እስከ ካርዱ፣ ሳልደብቅ ዘረገፍሁት።
ዝም አለ። መፍቻውን ከእጁ ሳይጥል
ቆየና፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ቀስ ሲል፦
"ነገ ጭነት የለኝም። ወንጂ እንወርዳለን፤
የእታለማሁን ልጅ፣ ሌሊሴን፣ ይዘናት እንመጣለን።"

"ወረፋው ይበዛል?" አለኝ። "ይበዛል" አልሁት።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣
ሞተሯን ሲያሞቃት ሰማሁት።